ከምድር ጋር የተስተካከለው ሞተር

ውኃ ልክ የምትባለውን ዕቃ ያላየ አንባቢ ቢኖር ከመጀመሬ በፊት ላስረዳ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። ውኃ ልክ ማለት ውስጧ ውኃና አንዲት የአየር አረፋ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ናት። አንድ ነገር ላይ ስታስቀምጧት አረፋዋ መካከል ላይ ከቆመች ነገሩ ተስተካክሏል፤ ወደ አንዱ ጎን ከሸሸች አዘንብሏል። ይኸው ነው። ግንበኛ ወለል ያስተካክልባታል። እኔ ግን የተራበ ሕዝብ ስምንት ቀን አስጠብቄባታለሁ።

ነገሩ የሆነው በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ መካነ ሰላም ላይ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ፤ የሰኞን ትምህርት አርብ ጽፌ እጨርሳለሁ፤ ሠርግ ስጠራ እንኳ በስንት ሰዓት እንደሚበላ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በዚያ ዓመት ግን በአገሩ ላይ በተራው የሚሄድ ነገር ጠፋ። ዝናቡ መምጣት በነበረበት ጊዜ አልመጣም፤ መንግሥቱም መሄድ በነበረበት ጊዜ አልሄደም። ትናንት ሚኒስትር ነበር የተባለው ሰው ዛሬ ታሰረ ብሎ ሬዲዮው ይነግረናል። የትምህርት ቤታችን ክፍሎች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ተማሪ ግን የለም። የሞሉት በሬያቸውን ሸጠው የበሉ፣ ከዚያም ማረሻቸውን ሸጠው የበሉ፣ ከዚያም የሚሸጥ ያጡ ገበሬዎች ናቸው።

በዚህ መሐል ከደሴ ደብዳቤ መጣ። ስልሳ ኩንታል የእርዳታ ስንዴ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦላችኋል፤ መኪና የለንምና ራሳችሁ መጥታችሁ ጫኑ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣችሁ ለሌላ ወረዳ እንሰጠዋለን ይላል። የፈረመው ሹም ደብዳቤው ሳይደርሰን ተሽሯል። ስንዴው ግን ስለ ሹም ሽሩ ያወቀው ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ይጠብቀናል ብለን ተጽናናን።

ከተማችን ውስጥ የነበረችው የጭነት መኪና አንዲት ብቻ ናት። ጣሊያን ጥሏት እንደሄደ ይነገራል። ሰው ሁሉ "እማሆይ" ይላታል፤ ጥቁር ናት፣ አርጅታለች፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን ነዳጅ ሳትቀምስ ትውላለች። ሹፌሯ ጋሽ ደርበው ደግሞ ፊቱ ሁልጊዜ ለቅሶ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይመስላል። እማሆይ ለመነሳት ግፊ ስለምትፈልግ ከገበያው በላይ ካለው ቁልቁለት አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት ነው የምትቆመው። ድንጋዩ ሲነሳ ትንደረደራለች፤ ገበያው ጋ ስትደርስ ታጓራለች። ሜዳ ላይ ቆማ ያየኋት ቀን የለም። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ እኔ አልያዝኩትም ነበርና።

ደብዳቤው በመጣበት ሰሞን የእማሆይ ሞተር ሞቶ ነበር። ደግነቱ አንድ የመንገድ ሥራ መኪና ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል ገብቶ ነበርና ሞተሩ ደህና ነው፣ ውሰዱት ተባልን። አዲስ ሞተር ነው፤ አንጸባራቂ። የከተማው ወንዶች በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስረው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው አወጡት። መንገደኛው ሁሉ ቃሬዛ መስሎት ዳር ይዞ ቆሞ ያሳልፈናል። አንዲት አሮጊት፣

"ማንን ነው ልጆቼ?" አሉ።

"የመኪና ሞተር ነው፣ እማማ።"

"እግዜር ነፍሱን ይማር" ብለው አለፉ። አላስረዳኋቸውም። በዚያ ዓመት ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስረዳ። ሞተር ሻንሲው ላይ፣ ማለት የመኪናው አጥንት ላይ፣ እንደ ጆንያ አይጣልም። አራት የብረት እግር ያስፈልገዋል፤ ሹፌሮች ሱፖርቶ ይሉታል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ደግሞ ጎማ ይገባል፤ አለዚያ የሞተሩ ንዝረት መኪናውን ብሎን በብሎን ይፈታዋል። የእማሆይ የድሮ ሞተር ረጅምና ሰፊ ነበር። አዲሱ አጭርና ቀጭን ስለሆነ ሻንሲው መካከል ስናወርደው የአባቱን ካፖርት የለበሰ ልጅ መሰለ፤ እግሮቹ የትም አይደርሱም። አዲስ ሱፖርቶ መቀጥቀጥ ነበረበት።

የሚቀጠቅጡት አያ ሰይድ ናቸው። የከተማው ባለ እጅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማረሻ የሚያሠራ ስለጠፋ ወናፋቸውን ሰቅለው ቁጭ ብለዋል። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ብረት ይዤ፣ ሥዕል ሥዬ፣ የቀን ሰሌዳ አዘጋጅቼ ሄድኩ። በሰሌዳዬ መሠረት በወሩ በአሥራ አንድ ልኬት፣ በአሥራ ሁለት ቅጥቀጣ፣ በአሥራ ሦስት ገጠማ፣ በአሥራ አራት ጉዞ ነው።

አያ ሰይድ ሰሌዳዬን በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ወላሂ ጥሩ ጽፈሃል፣ መምህር" አሉ። "አሥራ ሁለት ግን ሚካኤል ነው።"

"እርስዎ እስላም አይደሉም እንዴ?"

"እኔ እስላም ነኝ። ጎረቤቶቼ ግን ክርስቲያን ናቸው። በሚካኤል ብረት ብመታና በረዶ ቢወርድ፣ አውራጁ ማን ይባላል?"

እንዲህ ሆነና አሥራ ሁለት ሄደ። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ተቀጠቀጠ። አሥራ አምስት ጁምዓ ነው። አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት። አሥራ ሰባት እሑድ ነው። የደብሩ አለቃ ዘንድ ሄጄ ብነግራቸው፣ "ሰው ለማዳን የተሠራ ሥራ በዓል አይሽርም፤ ይምቱ በላቸው" ብለው ፈቀዱ። ሮጬ ተመለስኩ።

"የአለቃ ፈቃድ ለአለቃ ነው" አሉ አያ ሰይድ። "በረዶ የወረደ ቀን ዱላ ይዞ የሚመጣው ሰው አለቃ ቤት አይሄድም። እኔ ቤት ነው የሚመጣው።"

ባለ እጅን ሰው በምን ዓይን እንደሚያይ እኔም አውቃለሁ። የታመመ ልጅ ሲኖር በማን እንደሚሳበብ አውቃለሁ።

ይህን ስንነጋገር የሚሰሙ አንድ ሰው ነበሩ፤ አያ ካሳው ይባላሉ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተጠለሉት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር ነው የመጡት። ረጅም፣ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ፌዝ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ ጋ በየቀኑ ይመጡና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ "እማሆይ ዛሬስ ትነሳለች?" ይላሉ። የበረዶውን ነገር ሲሰሙ ሳቁ።

"ኧረ ምቱት አያ ሰይድ! ኧረ በረዶውም ይምጣ! እሱስ ውኃ አይደል?"

አያ ሰይድም ሳቁ። ብረቱን ግን አልመቱም።

በአሥራ ስምንት ሱፖርቶዎቹ ደረሱ። አሁን የቀረን ጎማው ነው። ከተማውን ሁሉ ብንፈልግ አሮጌ ጎማ ጠፋ። ጋሽ ደርበው እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ፣ "ጎማ ያለው በሰው እግር ላይ ብቻ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ገበሬው ሁሉ በረባሶ ነው የሚጫማው፣ በረባሶ ደግሞ ከመኪና ጎማ ነው የሚሠራው። እኔ እንዴት ከተራበ ሰው ጫማ እንጠይቃለን እያልኩ ሳስብ አያ ካሳው የራሳቸውን አውልቀው ወረወሩልኝ።

"አያ ካሳው፣ እርስዎስ?"

"የት ልሄድባት ብለህ ነው?"

ሌሎቹም አዋጡ። አራቱም እግር ሥር በረባሶ ተቆርጦ ገባ። ጋሽ ደርበው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ "እማሆይ በሽምግልናዋ ጫማ አደረገች" አለ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ደረስኩ። ሞተሩ እግሮቹ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ምን ያህል ከፍ፣ ኋላው ምን ያህል ዝቅ ይበል የሚለውን አንድ ሰው መወሰን ነበረበት። አያ ሰይድ በዓይናቸው ሊወስኑ ሲሉ፣ "አይሆንም፣ በሳይንስ ነው" አልኩና ከትምህርት ቤቱ ሣጥን ውኃ ልኳን አመጣሁ። ሞተሩ ጀርባ ላይ አስቀመጥኳት። አረፋዋ ሸሸች። ከፊት እግሮቹ ሥር ብረት እንዲጨመር አዘዝኩ። አሁንም ሸሸች። ጨምሩ አልኩ። ጨመሩ። በመጨረሻ አረፋዋ መካከል ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ቆመች። ተሰብሳቢውን ወደ እኔ አዙሬ ስለ አረፋ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ምድር ስበት አስረዳሁ። ሰው በርትቶ ሰማኝ፤ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

አያ ካሳው እጃቸውን አወጡ። እንደ ተማሪ፣ እጃቸውን አውጥተው ነው።

"ልጄ መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይቺ ብልቃጥ የምትለካው ከምድሪቱ ጋር ነው?"

"አዎ፣ ከምድር ጋር ነው።"

"እኛ ማረሻ ስንገጥም የምናቃናው ከሞፈሩ ጋር ነው። በሬዎቹ ዳገት ቢወጡ፣ ቁልቁለት ቢወርዱ፣ ማረሻው ሞፈሩን ነው የሚከተል። ምድሪቱን አይጠይቅም። ይቺ መኪናም አሁን አጎንብሳ ነው የቆመች..."

አቋረጥኳቸው። በትሕትና ነው ያቋረጥኳቸው፤ ይህን ለራሴ መመስከር እወዳለሁ። ማረሻ የእንጨት ዕቃ እንደሆነ፣ ሞተር ግን ዘይት በውስጡ እንዳለው፣ ዘይት ደግሞ ውኃ ነክ እንደሆነ በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ ገለጽኩላቸው። እስከ ሦስተኛው ነጥብ ድረስ ሰሙኝ።

"እሺ ልጄ" አሉ። "እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ።"

በአገራችን ሽማግሌ "የተማርከው አንተ ነህ" ብሎ ዝም ሲል የያዙትን መሣሪያ አስቀምጦ ማሰብ ያስፈልጋል። የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ይህን ያስተማረን አልነበረም። ጋሽ ደርበው ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ሲገጥም አልገባ ብሎት ብዙ ታገለ። "ተጣሞብኛል መሰለኝ" ሲል፣ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል" አልኩት። ብረት ይለመዳል ያልኩ የሳይንስ መምህር ነኝ።

አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው። በሃያ ከተማው ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ወጣ። መራመድ የቻለ የተጠለለ ሰው ሁሉ መጣ። ድንጋዩ ተነሳ። እማሆይ ተንደረደረች፤ ገበያው ጋ ስትደርስ አጓራች! እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ደርበው በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አወዛወዘ። አንድ ሰው እኔን አቀፈኝ። አያ ሰይድ፣ "ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ" ይላሉ።

እልልታው ሳያልቅ ከሆዷ "ክርርር" የሚል ድምፅ መጣ። የማራገቢያው ክንፍ የራዲያተሩን የታች ወገን ጨርፎ ቀደደው። ውኃው ፈሰሰ። እማሆይ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ቆመች።

ቀስ ብዬ ሄጄ ውኃ ልኳን ሞተሩ ላይ አደረግኋት። አረፋዋ ወደ ፊት ጥግ ሮጣ እዚያው ተለጠፈች። ያን ጊዜ ገባኝ። ቁልቁለት ላይ አዘንብላ የቆመችው መኪናዋ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ሞተሩን ከመኪናዋ ጋር ሳይሆን ከመላው ዓለም ጋር አስተካክዬዋለሁ። ሜዳው ላይ ሲታይ ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ዝናብ የሚለምን ይመስላል። ያንን የመሰለ የረቀቀ ልኬት በወሎ ምድር ተደርጎ አያውቅም። ትክክል ነበር። የሚሆነው ግን አንድ ቁልቁለት ላይ ለዘላለም ለሚኖር መኪና ነው።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። አያ ካሳው በባዶ እግራቸው መጥተው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

"አብሽር ልጄ፣ ማረሻም በመጀመሪያ ቀን አይገጥም።"

"እርስዎ ነግረውኝ ነበር።"

"ነገርኩህ እንዴ? እኔ ጠየቅሁህ እንጂ።"

እንደገና መቀጥቀጥ ነበረብን። ራዲያተሩም በእርሳስ መደፈን አለበት። አሁን ቀኖቹን ልቁጠር፤ ያለ ሰሌዳ ነው የምቆጥራቸው፣ ያኔ በጣቶቼ ስቆጥራቸው ነበርና አልጠፉኝም። ሃያ አንድ ማርያም። ሃያ ሁለት ጁምዓ። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። ሃያ አራት እሑድ። አራት ቀን ተከታትሎ ብረት የማይመታበት! አያ ሰይድን ለመንኳቸው። በደጃቸው ቆሜ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

"ልጄ፣ አንተ ለሦስት ዓመት ተመድበህ የመጣህ ሰው ነህ። እኔ እዚህ ነው የምቀበር" አሉኝ። እሳቸውም ዓይናቸው እርጥብ ነበር። በነዚያ አራት ቀናት ወናፋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲውሉ አይቻቸዋለሁ፤ ከሰሉን ያስተካክሉታል፣ ይመልሱታል፣ ያስተካክሉታል።

እነዚያን ቀናት እኔና አያ ካሳው በልኬት አሳለፍናቸው፤ መለካት በዓል አይሽርም። ከሻንሲው ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጠርን፤ ሞተሩን ከገመዱ ጋር አየን። ሞፈርና ማረሻ ማለት ነው። በሃያ አንድ አያ ካሳው ቆመው አዘዙኝ። በሃያ ሦስት ተቀምጠው አዘዙኝ። በሃያ አራት እትዬ ሙሉነሽ ደግፈው አመጧቸው፤ ጋደም ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ገመዱን አዩና፣ "ከቀኝ በኩል አንድ ጣት ዝቅ" አሉ። ዝቅ አደረግሁ።

"አሁንስ?"

"አሁን ያርሳል።"

በሃያ አምስትና በሃያ ስድስት አያ ሰይድ ከማለዳ ጀምረው ሳይቀመጡ ቀጠቀጡ። ሃያ ስድስት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ብሎን እያጠበቅሁ ከጀርባዬ ሰው ቆመ። እትዬ ሙሉነሽ ናቸው፤ ብቻቸውን ናቸው።

"ገጠመ?" አሉኝ።

"ገጠመ፣ እትዬ። አያ ካሳው እንዳሉት አድርገን ገጠመ። ይንገሯቸው።"

"ጠዋት ቀበርነው" አሉ። ሞተሩን ትንሽ አዩት። "መግጠሙን ላይ ብዬ ነው።" ተመልሰው ሄዱ።

ቁልፉ ከእጄ ወድቆ ሻንሲው ውስጥ ገባ። ጋሽ ደርበው ጎንበስ ብሎ አወጣውና የቀረውን ራሱ አጠበቀ።

ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም ነው። በሃያ ስምንት ሰው በገመድ ስቦ ቁልቁለቱ ላይ መለሳት፤ እማሆይ ተንደረደረች፣ አጓራች፣ ሜዳውን አለፈች፣ የአቀስታን ዳገት ወጣች። ወሩ ሳያልቅ ደሴ ገባች። በአዲሱ ወር በሦስተኛው ቀን ስንዴውን ጭና ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆመች። እልል ያለ የለም። ሰው ጣሳና ቁና ይዞ ተሰለፈ።

ከስንዴው ጋር አንዲት ወረቀት መጥታለች፤ "እህሉ የሚሰጠው በአካል ለተገኘ ሰው ብቻ ነው" ትላለች። ማከፋፈሉ ለእኔ ተሰጠ፤ ሥርዓት ያውቃል ተብዬ ነው። ሰዎቹ ግቢው የገቡ ዕለት ስማቸውን የጻፍኩበት መዝገብ ነበረኝና እሱን ዘርግቼ መጥራት ጀመርኩ። የተጠራው "አቤት" ይላል፤ እኔ ምልክት አደርጋለሁ፤ አያ ሰይድ ይሰፍራሉ። መልስ ያልሰጠ ስም ሲኖር ትንሽ እጠብቅና መስመር አሰምርበታለሁ። አምስት ስም ላይ አሰመርኩ። ስድስት ላይ አሰመርኩ። እጄ በማስመሪያ ቀጥ አድርጋ ነው የምታሰምረው፤ ልማድ ነው።

ጣቴ ቀጣዩ ስም ላይ ስትደርስ አፌ ቀደመኝ።

"ካሳው!"

አንገቴን አቀርቅሬ ማስመሪያውን አነሳሁ።

"አቤት" አለ አንድ ድምፅ።

ቀና አልኩ። እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። የራሳቸውን ድርሻ ቀደም ብለው ወስደዋል፤ አሁን የባላቸውን ጣሳ ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። አያፍሩም፤ አይለምኑምም። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። መዝገቤን አየሁ። ወረቀቷን አየሁ። ሰልፉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ማስመሪያውን ኪሴ ከተትኩትና ካሳው በሚለው ስም ፊት ምልክት አደረግሁ።

"ይስፈሩላቸው፣ አያ ሰይድ" አልኩ።

አያ ሰይድ ሰፈሩ። ጣሳዋን ሞልተው በእጃቸው ደግሞ ጨመሩበት። የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ፤ የጠራሁት በሦስተኛ ክፍል ጥግ ከልጁ ጋር የነበረውን ሰው ነው፤ ባለፈው ሳምንት መቀበሩን አውቃለሁ።

"አቤት" አለ ልጁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ ያሰመርኩባቸውን ስሞችም አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ለእያንዳንዱ ከሰልፉ ውስጥ የሆነ ሰው "አቤት" አለ፤ የሴትም፣ የልጅም፣ የጎረቤትም ድምፅ ነበር። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ጠራሁ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አቤት አሉ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤት ብዙ ስም ጠርቻለሁ። አንድም ቀሪ ያልነበረበት ቀን ግን ያ ብቻ ነው።